ፓት ላይ ገንዘብና ጊዜ የት ይዋል? ቴክኒክ፣ ፓተር እና በራስ መተማመን ሲነጻጸሩ

ለጀማሪ አንባቢ፦ በጎልፍ ፓት ማለት ኳሷ ግሪን (ቀዳዳው ያለበት አጭር ሣር) ላይ ካረፈች በኋላ መሬት ለመሬት አንከባሎ ወደ ቀዳዳው የሚሰዳት ምት ነው። ፓተር ደግሞ ለዚሁ ሥራ የተሠራው ዱላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካዊው ጎልፈኛ ስኮቲ ሼፍለር ኳሷን ከመነሻው እስከ ግሪኑ በማድረስ የሚስተካከለው አልነበረም። ግሪኑ ላይ ሲደርስ ግን ሌላ ሰው ይሆናል፤ የውድድር ዘመኑን በፒጂኤ ቱር (በአሜሪካ ባለሙያዎች ውድድር) የፓት ሰንጠረዥ 162ኛ ሆኖ ጨረሰ። በዚያው ዓመት መገባደጃ ፊል ኬንየን ከተባለ እንግሊዛዊ የፓት አሠልጣኝ ጋር መሥራት ጀመረ። ማርች 2024 ላይ ደግሞ ቀጭን ጭንቅላት ያለውን ፓተሩን አስቀምጦ ሰፊውን የቴይለርሜድ ስፓይደር ይዞ ቤይ ሂል ሜዳ ወጣና በ5 ምት ልዩነት አሸነፈ። በሳምንቱ የፕሌየርስ ሻምፒዮንሺፕን፣ ኤፕሪል ላይ ከአራቱ ታላላቅ የጎልፍ ውድድሮች አንዱ የሆነውን ማስተርስን ወሰደ።

ይህን ታሪክ ሁሉም ለየራሱ ይተረጉመዋል። ፓተር ሻጩ ዱላው ነው የለወጠው ይላል። አሠልጣኙ የወራት ልምምዱን ይጠቅሳል። የሥነ ልቦና ባለሙያው ደግሞ ጥቂት ፓቶች ሲገቡለት ልቡ እንደሞላ ያስረዳል። ሁሉም እውነት አላቸው፤ ተራው ተጫዋች ግን ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ሊገዛ አይችልም። ገንዘቡ ውስን ነው፣ የልምምድ ሰዓቱም ውስን ነው። ስለዚህ ጥያቄው «የትኛው ይጠቅማል?» ከሚለው ይልቅ «ለእኔ የቱ ይቅደም?» የሚል መሆን አለበት።

የእኔን ፍርድ ከመጀመሪያው ላስቀምጥ። ለአብዛኛው ሰው ቴክኒክ ይቀድማል። እሱም ቢሆን ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ኳሷን ባሰቡት አቅጣጫ ማስነሳትና ኃይሏን መመጠን። ከዚያ ለማነጣጠር የሚያግዝ ፓተር ይከተላል። በራስ መተማመን በአብዛኛው የእነዚህ የሁለቱ ፍሬ ነው። ይህ ቅደም ተከተል የሚገለበጥባቸው ሰዎች አሉ፤ በኋላ እመጣባቸዋለሁ።

 ፓተር ደግሞ ለዚሁ ሥራ የተሠራው ዱላ ነው።

ከመምረጥ በፊት፣ ስንት ፓት መግባት አለበት?

የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማርክ ብሮዲ የፒጂኤ ቱርን የምት መረጃ ለዓመታት ተንትነዋል፤ ቱሩም ከ2011 ጀምሮ ተጫዋቾቹን በፓት የሚያወዳድረው በእሳቸው ስሌት ነው። በዚያ ትንተና መሠረት የዓለም ምርጦች ከ90 ሴንቲ ሜትር ርቀት ከ100 ፓት 96 ያህሉን ያስገባሉ። ከ1 ሜትር ተኩል ወደ 77 ይወርዳል። ከ2 ሜትር ከ40 ግማሹ ብቻ ይገባል። ከ3 ሜትር 40፣ ከ6 ሜትር 15፣ ከ9 ሜትር 7።

እነዚህን ቁጥሮች ደጋግማችሁ ተመልከቷቸው። ከ3 ሜትር ሳትገባለት ስትቀር ዱላውን መሬት የሚመታው ጎረቤታችሁ የተናደደው የዓለም ምርጦች ከ10 ጊዜ 6 ጊዜ በሚስቱት ነገር ነው። ብዙ ሰው «በራስ መተማመኔ ጠፋ» የሚለው በተሳሳተ ግምት የተነሳ ነው። ብሮዲ እንደሚሉት 18ቱን ቀዳዳ በ90 ምት ገደማ የሚጨርስ አማተር ግማሽ በግማሽ የሚያስገባው ከ1 ሜትር ተኩል ነው። ይህን ያወቀ ሰው ከ3 ሜትር ሲስት ምንም አልተበላሸበትም፤ ቀጣዩን አጭር ፓት በሰከነ ልብ ይመታል። ለዚህ የሚከፈል ገንዘብ የለም።

በነገራችን ላይ እኚሁ ፕሮፌሰር ምርጦቹ ተጫዋቾች ከሌሎቹ የሚበልጡበትን ምት ሲያሰሉ የፓት ድርሻ 15 በመቶ ገደማ ሆኖ አግኝተውታል። ትልቁ ብልጫ የሚገኘው ረጃጅሞቹ ምቶች ላይ ነው። ፓት የጨዋታው ግማሽ ነው እያለ ውድ ዱላ ሊሸጥላችሁ ለሚመጣ ሰው ይህ በቂ መልስ ነው።

ቴክኒክ፦ ፊቱ ወዴት ዞሯል?

ኳሷ በየት በኩል እንደምትነሳ ከምንም በላይ የሚወስነው ፓተሩ ሲነካት ፊቱ የዞረበት አቅጣጫ ነው፤ ድርሻው ከ80 በመቶ በላይ ነው። ዱላው የተጓዘበት መስመር የሚወስነው የቀረውን ጥቂት ብቻ ነው። ጓደኛ ለጓደኛ ግን ልምምድ ሜዳ ላይ የሚመክረው በአብዛኛው ስለ መስመሩ ነው፦ «ቀጥ አድርገህ ሳበው፣ ቀጥ አድርገህ መልሰው።» ሰዓታት የሚባክኑት በዚህ ነው።

ሒሳቡን በቀላሉ ማየት ይቻላል። ቀዳዳው 108 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ 5.4 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ኳሷ ከታሰበው አቅጣጫ በ1 ዲግሪ ዘንበል ብላ ብትነሳ በየሜትሩ 1.75 ሴንቲ ሜትር ትርቃለች። ከ1 ሜትር ላይ ይህ ስህተት ምንም አይደለም፤ 2 ዲግሪ እንኳ ቢሆን ትገባለች። ከ3 ሜትር ላይ ግን ያው 1 ዲግሪ 5.2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ኳሷ ጠርዙን ልሳ ትወጣለች። 2 ዲግሪ ከሆነ አጠገቡም አትደርስ። ፊቱ በ2 ዲግሪ የዞረበት ሰው የቱንም ያህል «ትገባለች» ብሎ ቢያምን፣ እምነቱ ፊቱን አይመልስለትም።

የአካል አቋም ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ነፃነታችሁ ሰፊ ነው። ጃፓናዊው ኢሳኦ አኦኪ የፓተሩን ጭንቅላት የውጭ ጫፍ ወደ ሰማይ አንጋጦ፣ ለእጀታው የቀረበውን የጭንቅላቱን ተረከዝ ብቻ መሬት አስነክቶ ነበር የሚመታው። ማንም አሠልጣኝ እንዲህ አድርጉ ብሎ አያስተምርም። እሱ ግን በዚያ አመታት በ1980ው ዩኤስ ኦፕን ከጃክ ኒክላውስ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ፣ በ1983ም በፒጂኤ ቱር ያሸነፈ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ሆነ። ደቡብ አፍሪካዊው ቦቢ ሎክ ዱላውን ወደ ውስጥ አዙሮ እየሳበ ዘ ኦፕንን 4 ጊዜ ወስዷል። ሁለቱንም የሚያመሳስላቸው ፊቱ በንክኪው ቅጽበት ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ መመለሱ ነው።

ራሳችሁን ለመፈተሽ የአንድ ሜትር የብረት ማስመሪያ ይበቃል። ጠፍጣፋ ምንጣፍ ላይ አጋድሙት፣ ኳሷን አንደኛው ጫፍ ላይ አስቀምጡና በፓተሩ ቀስ ብላችሁ ምቷት። ማስመሪያውን ሳትለቅ እስከ ጫፉ ከሄደች አነሳሷ ከ1 ዲግሪ ብዙም አልወጣም። ከ10 ምት 8ቱ እስከ ጫፍ ከደረሱ የአቅጣጫ ቴክኒካችሁ ለአማተር ከበቂ በላይ ነው፤ ሌላ ቦታ ፈልጉ። 3 ወይም 4 ብቻ ከሆነ ግን ይህንን ጽሑፍ እዚህ አቁማችሁ ለጥቂት ሳምንታት ማስመሪያው ላይ መሥራት ያዋጣችኋል። ሜዳ ላይ ከሆነ ከፓተሩ ጭንቅላት ትንሽ ሰፋ አድርጎ ሁለት ቲ (ኳስ የሚቀመጥባት ትንሽ ችካል) ሰክቶ በመካከላቸው መምታት ይቻላል፤ ታይገር ዉድስ ከውድድር በፊት ሲያደርገው ብዙዎች አይተውታል።

ኃይልን መመጠን ከዚህም ይበልጥ ችላ ይባላል። በፍጥነት የምትመጣ ኳስ የቀዳዳውን መሃል ካላገኘች ጠርዙ ላይ ዞራ ትወጣለች፤ ለእሷ ቀዳዳው ጠባብ ነው። ቀዳዳውን ብትስት ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል አልፋ የምትቆም ኳስ ጥሩ መጠን ላይ ናት። ይህን የምትለማመዱት ያለ ቀዳዳ ነው፤ ከ6፣ ከ9፣ ከ12 ሜትር ሆናችሁ ኳሷ ግሪኑ ጠርዝ ላይ፣ ረጅሙ ሣር ሳይነካት እንድትቆም አድርጉ። አንድ ግሪን ላይ 3 ጊዜ እየመታ የሚወጣ ሰው ችግሩ በአብዛኛው የመጀመሪያው ምት ኃይል ነው። ለእሱ አዲስ ፓተርም ሆነ የድፍረት ምክር አይፈይድም።

መሣሪያው፦ ምን ይገዛል፣ ምን አይገዛም

ዛሬ ሱቅ ውስጥ የምናያቸው ቀጫጭን ፓተሮች አብዛኞቹ የአንድ ዱላ ልጆች ናቸው። በጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ የነበረው ካርስተን ሶልሃይም በ1966 ፒንግ አንሰርን ሲሠራ የጭንቅላቱን ክብደት ከመሃል አንስቶ ወደ ተረከዙና ወደ ጫፉ ከፈለው። እንዲህ ሲሆን ኳሷ መሃሉን ስታ ብትመታም ጭንቅላቱ ብዙ አይዞርም። ማሌት የሚባሉት ሰፋፊዎቹ ፓተሮች ይህንኑ ሐሳብ ወደ ኋላም ዘርግተውታል፤ ብሌድ ከሚባለው ቀጭኑ ይልቅ የተሳሳተ ንክኪን ይሸፍናሉ፣ በሰፊው ጀርባቸው ላይም ረጅም የማነጣጠሪያ መስመር ይሠራባቸዋል።

ስለዚህ ከኳሷ ጋር የሚገናኙበት ቦታ አሁንም አሁንም የሚለያይባቸው ሰዎች፣ በተለይ ጀማሪዎች፣ ማሌት ቢይዙ እመክራለሁ። መሃሉን ደጋግሞ የሚያገኝ ሰው በስሜቱ ይምረጥ። ኮረብታማ ግሪን ላይ ረጃጅም ፓት የሚበዛበት ሰው ብሌድ የሚሰጠውን የእጅ ስሜት ሊመርጥ ይችላል፤ ይህ የምርጫ ጉዳይ ነው።

ሻጮች ስለ ሚዛን አብዝተው ይነግሯችኋል። ዱላውን ጣታችሁ ላይ አጋድማችሁ ስታመዛዝኑት ፊቱ ሰማይ ካየ አንድ ዓይነት፣ ጫፉ ወደ ታች ከወደቀ ሌላ ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ቀጥ ብሎ ለሚመታ፣ ሁለተኛው ምቱ ቅስት ለሚሠራ ሰው ይሆናል ይባላል። እንደ መነሻ ይጠቅማል፤ ሕግ ግን አይደለም። ከሚዛኑ ይልቅ ሁለት ነገሮች ይበልጥ ያሳስቡኛል።

አንደኛው ርዝመት ነው። ሱቅ ውስጥ ያሉት በአብዛኛው ከ33 እስከ 35 ኢንች፣ ማለትም ከ84 እስከ 89 ሴንቲ ሜትር ናቸው። የረዘመ ፓተር የያዘ አጭር ሰው ከኳሷ ርቆ ይቆማል፣ ክርኑ ይታጠፋል፣ ዓይኑም ከመስመሩ ወደ ውስጥ ይገባል። ማሳጠር ደግሞ ርካሽ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ማነጣጠር ነው። ከቀዳዳው 2 ሜትር ራቁ፣ በጠፍጣፋ ቦታ ለመምታት ተዘጋጁ፣ ሳትመቱ ቁሙ። ጓደኛችሁ ከኋላ ሆኖ ፊቱ የት እንደሚያይ ይንገራችሁ። ቀጥ አድርጌ ይዣለሁ ብሎ የሚምለው ሰው ቀዳዳውን አልፎ ግራ የሚያይበት ጊዜ ብዙ ነው። ጭንቅላቱና አንገቱ የተለየ ፓተር ስትሰጡት ያው ሰው መሃሉን ሊያይ ይችላል። መሣሪያ በእውነት የሚረዳው እዚህ ላይ ነው፤ ዓይናችሁ የሚያነበውን መስመር ይለውጣል። አዲስ የታወቀ ፓተር ዛሬ ከ300 እስከ 500 ዶላር ይጠይቃል። ይህን ፈተና ሳያልፍ የተገዛ ውድ ዱላ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ትልልቆቹ ተጫዋቾች በዚህ ጉዳይ ሁለት ተቃራኒ ትምህርት ይሰጣሉ። ኒክላውስ በ46 ዓመቱ፣ በ1986፣ ማስተርስን ያሸነፈው ብዙዎች የሳቁበትን አንድ ትልቅ ጭንቅላት ያለው የማክግሪገር ፓተር ይዞ ነው። ከዚያ ድል በኋላ ዱላው እንደ ትኩስ ዳቦ ተሸጠ። ዉድስ ደግሞ ከ15 ታላላቅ ድሎቹ 14ቱን ያገኘው በአንድ ስኮቲ ካሜሮን ፓተር ነው። ሁለቱም ለሚያዩት ዓይን የሚስማማውን ያዙ። እኔ ወደ ዉድስ መንገድ አደላለሁ፤ በየወሩ ፓተር የሚለውጥ ሰው ጥፋቱ የእጁ ይሁን የዱላው መቼም አይለይለትም።

በራስ መተማመን፦ ምን ያህል ያንቀሳቅሳል?

እዚህ ላይ መረጃ አለ፤ እንደሚወራውም ቀላል አይደለም። በ2008 ጄሲካ ዊትና ባልደረቦቻቸው ጨዋታ የጨረሱ ጎልፈኞችን የቀዳዳውን ስፋት ከተለያዩ ክቦች መካከል እንዲመርጡ ጠየቋቸው። በዕለቱ ጥሩ የተጫወቱት ትልቁን ክብ ወደ መምረጥ አዘነበሉ። በ2011 በሌላ ጥናት 41 ሰዎች አንድ ዓይነት ፓተር ተሰጣቸው፤ ዱላው የአንድ ባለሙያ እንደነበር የተነገራቸው ሰዎች ቀዳዳውን አግዝፈው ሣሉት፣ ከሌሎቹ የበለጠም አስገቡ። ደስ የሚል ነው። በ2010 ጀርመን ውስጥ «ይህች ኳስ ዕድለኛ ናት» የተባሉት ከ1 ሜትር ከ10 ፓት በአማካይ ከ6 በላይ ሲያስገቡ፣ ያልተባሉት 5 እንኳ አልሞሉም ነበር። በ2014 ግን አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሙከራውን በብዙ ሰው ደግመው ልዩነት አላገኙም። ከውጭ የተበደሩት መተማመን አንድ ቀን ይሠራል፣ ሌላ ቀን ይከዳል።

ከሁሉም ይበልጥ የምተማመንበት መረጃ የዴቪን ፖፕና የሞሪስ ሽዋይትዘር ነው። ከ2.5 ሚሊዮን በላይ የፒጂኤ ቱር ፓቶችን መርምረው ተጫዋቾቹ በእኩል ርቀት ላይ ፓርን (ለቀዳዳው የተመደበውን የምት ብዛት) ለማዳን የሚመቱት ፓት በርዲ (ከፓር አንድ ምት ያነሰ ውጤት) ለማግኘት ከሚመቱት ይልቅ በ2 በመቶ ነጥብ ገደማ አብልጦ እንደሚገባ አሳዩ። ሰውየው ያው፣ ዱላው ያው፣ ርቀቱ ያው፤ የተለወጠው ማጣትን መፍራቱ ብቻ ነው። ስለዚህ አእምሮ ውጤት ይለውጣል ማለት እንችላለን፣ ልኩንም እናያለን። ለዓለም ምርጦች 2 በመቶ ነጥብ የውድድር ልዩነት ነው። አነሳሱ በ2 ዲግሪ ለሚሳሳት አማተር ግን ገና ተራው አልደረሰም።

ተራው መቼ እንደሚደርስ የሚነግረን የሲያን ባይሎክ ሥራ ነው። እሳቸው ዛሬ የዳርትመዝ ኮሌጅ ፕሬዝዳንት ናቸው፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከባልደረቦቻቸው ጋር ጀማሪዎችንና የለመዱ ተጫዋቾችን ፓት አስመቱ። ጀማሪዎቹ ጊዜ ወስደው በእጃቸው እንቅስቃሴ ላይ ሲያተኩሩ ተሻላቸው። የለመዱት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በፍጥነት ምቱ ሲባሉ ተሻሉ፣ እንቅስቃሴያቸውን ሲከታተሉ ተበላሹ። ያንኑ ምክር ለሁለቱም መስጠት አንዱን መጉዳት ነው። «አታስብ፣ ዝም ብለህ ምታ» የሚለው ለ15 ዓመት ተጫዋች መድኃኒት ነው፤ ትናንት ለጀመረ ሰው ግን ስህተቱን ማደላደል ነው።

ለለመደው ሰው በራስ መተማመንን ማሠልጠን ማለት እንግዲህ የምቱን ሥርዓት ማሳጠር ማለት ነው። ዘንበሉን አንብቡ፣ አንድ ጊዜ ወስኑ፣ ቀዳዳውን እዩ፣ ምቱ። ከካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ጆአን ቪከርስ በ1992 ጥሩ ፓተኞች ከመምታታቸው በፊት ዓይናቸውን ኳሷ ላይ ረጋ አድርገው እንደሚያቆዩ፣ ደካሞቹ ግን ዓይናቸው እንደሚቅበዘበዝ አሳይተዋል። ይህ የምትለማመዱት ነገር ነው። ኳሷ ከሄደችም በኋላ ለአፍታ የነበረችበትን ሣር ተመልከቱ።

ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ

ዪፕስ የሚባል ነገር አለ፤ ስሙን ያወጣለት የቀድሞው ሻምፒዮን ቶሚ አርሞር ነው። አጭር ፓት ላይ እጅ ያለ ፈቃድ ይደነግጣል፣ ይንቀጠቀጣል። ኤርኒ ኤልስ በ2016 ማስተርስ የመጀመሪያው ቀዳዳ ላይ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት 6 ጊዜ የመታው ሰው ነው፤ 4 ታላላቅ ዋንጫዎችን ያሸነፈ ሰው። እንዲህ ላለው ሰው «በራስህ ተማመን» ማለት ጭካኔ ነው። ተመራማሪዎች እንደሚሉት ለአንዳንዱ መነሻው ጭንቀት ሲሆን፣ ለአንዳንዱ ደግሞ ጸሐፊዎችንና ሙዚቀኞችን ከሚይዘው የጡንቻ መኮማተር ጋር የሚዛመድ የነርቭ ችግር ነው።

እዚህ መሣሪያና አያያዝ ይቀድማሉ። በርንሃርድ ላንገር ዪፕስ ደጋግሞ ይዞት በየጊዜው አያያዙን እየለወጠ ማስተርስን ሁለቴ ያሸነፈ፣ በመጨረሻም ወደ ረጅም ፓተር ዞሮ ከ60 ዓመቱም በኋላ ማሸነፉን የቀጠለ ሰው ነው። የ2009ው የዩኤስ ኦፕን አሸናፊ ሉካስ ግሎቨር ለአሥር ዓመት ገደማ አጭር ፓት ሲያሰቃየው ቆይቶ በ2023 ረጅም ፓተር ያዘ፤ ኦገስት ላይ በተከታታይ ሁለት ሳምንት ሁለት ውድድር አሸነፈ። እጁ የለመደውን እንቅስቃሴ ሙሉ በሙሉ ሲተው መደንገጡም አብሮ ይቀራል። አንድ ማስታወሻ፦ ከጃንዋሪ 2016 ጀምሮ የዱላውን የእጀታ ጫፍ ደረት ወይም ሆድ ላይ ተክሎ መምታት ተከልክሏል። ረጅም ፓተር መያዝ ግን ይፈቀዳል፤ እጃችሁ ከሰውነታችሁ ራቅ ይበል እንጂ።

እናንተ የት ናችሁ?

ገና የጀመራችሁ ከሆነ ያገለገለ ማሌት በርካሽ ግዙ፣ በቁመታችሁ ልክ አሳጥሩት፣ የቀረውን ገንዘብ ለአንድ ሁለት ትምህርት አውሉት። ስለ ስሜት ገና አትጨነቁ።

ኳሷ ሁልጊዜ በአንድ ወገን የምትስት ከሆነ ከትምህርቱ በፊት የማነጣጠሩን ፈተና አድርጉ፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ የዱላው ጉዳይ ነው። አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ ከሆነ ፊቱን የሚያዞረው እጃችሁ ነው፤ ወደ ማስመሪያው ተመለሱ። ልምምድ ግሪን ላይ ሁሉ እየገባ ውድድር ላይ የሚጠፋባችሁ፣ ዓመታት የተጫወታችሁ ከሆነ፣ ቴክኒክ መነካካቱን አቁሙና የምት ሥርዓታችሁን አሳጥሩ። እጃችሁ የሚደነግጥ ከሆነ ዛሬውኑ አያያዝ ለውጡ።

ፓተር ለመግዛት ከወሰናችሁ የሱቁ ምንጣፍ ላይ አትወስኑ፤ ጠፍጣፋ ነው፣ ቀዳዳውም ቅርብ ነው። ወደ ልምምድ ግሪን ይዛችሁ ውጡ። ከ1 ሜትር ተኩልና ከ9 ሜትር፣ አምስት ኳስ በአሮጌው፣ አምስት በአዲሱ እያፈራረቃችሁ፣ ከእያንዳንዱ ርቀት ለእያንዳንዱ ዱላ 20 ያህል እስኪሞላ ምቱ። ከቅርቡ የገባውን፣ ከሩቁ ደግሞ ከቀዳዳው አንድ ሜትር ውስጥ የቆመውን መዝግቡ። ልዩነት ከሌለ አትግዙ። ካለም የመመለሻ ጊዜ የሚሰጥ ሱቅ ፈልጋችሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ቆጠራ ድገሙት፤ የአዲስ ዕቃ ሙቀት እስከዚያ በርዶ የሚቀረው የዱላው እውነተኛ ልዩነት ብቻ ነው።